የጊንጧ ዝምታ

ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ያኔ ገና ከጠመኔና ከሰሌዳ ጋር አልተፋታሁም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ አንዲት ተማሪዬ እጇን አውጥታ የጠየቀችኝ ጥያቄ አለ፤ መልሱን ዛሬም ድረስ እያላመጥሁት ነው።

የዕለቱ ትምህርት ስለ በቀል ነበር። ከግሪኮቹ ተነስተን፣ በሃምሌት በኩል አልፈን፣ ክፍሉ ማዛጋት ሲጀምር እኔም እንደ ማንኛውም ልምድ ያለው መምህር ወደ ፊልም ሸሸሁ። መቼም በዚያ ሰሞን አንድ ነገር ይዞኝ ነበር። ሰፈራችን ካለው ቪዲዮ ቤት ገብቼ የክዌንቲን ታራንቲኖን «ኪል ቢል» ሁለተኛውን ክፍል አይቼ ልወጣ ስል፣ የሠራተኞቹ ስም በሚወርድበት ሰዓት አንዲት ሴት በጃፓንኛ ማንጎራጎር ጀመረች። ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ ልጁ መብራት አብርቶ ወንበር ማስተካከል ሲጀምር እኔ እዚያው ቁጭ ብያለሁ። ቋንቋውን አልሰማም። ድምፁ ግን አልቅሶ የጨረሰ ሰው ድምፅ ነበር። ጠያይቄ ዘፈኑ «ኡራሚ ቡሺ» እንደሚባል፣ «የቂም ዜማ» እንደ ማለት መሆኑን፣ ዘፋኟም ሜይኮ ካጂ የምትባል ተዋናይት መሆኗን ደረስሁበት። የተደረሰውም በ1972 ለተሠራ አንድ የእስር ቤት ፊልም ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ወዳጄ ከውጭ ሲመጣ ዲቪዲውን ይዞልኝ መጣ። አየሁት። ደግሜም አየሁት።

ታዲያ ያን ዕለት ክፍል ውስጥ ስለዚህች ሴት ስናገር ሰባኪ ሆንሁ። «ሴት ደም መላሽ!» አልኳቸው። «በየአገሩ ተረት ደም መላሹ ወንድም ነው፣ ልጅ ነው፣ አባት ነው። ይህቺ ግን የራሷን ደም ራሷ ትመልሳለች።» ታሪኩን ተረክሁላቸው። የከዷትን፣ የደፈሯትን፣ ያሰቃይዋትን ወንዶች አንድ በአንድ እንዴት እንደምትለቅማቸው ነገርኋቸው። ወንዶቹ ተማሪዎች ነቁልኝ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ልጅቷ እጇን ያወጣችው።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ሰዎቹን ለመግደል መጀመሪያ እሷን ልብሷን ማስወለቅ ለምን አስፈለገ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም መልስ እስካገኝ ፈገግ አልሁ። «የዘውጉ ሕግ ነው» አልኳት። «አመሰግናለሁ» ብላ ተቀመጠች። መልስ እንዳልሰጠኋት እሷም አውቃለች፣ እኔም አውቄዋለሁ።

ዘውግ የሚሉት ነገር እኮ ሕግ የሚያወጣለት ምክር ቤት የለውም። ሕጉን የሚያወጣለት ገበያ ነው። ስለዚህ ከገበያው ልጀምር።

በ1958 ጃፓናውያን ሲኒማ ቤት ለመግባት የቆረጡት ትኬት ከ1 ቢሊዮን 127 ሚሊዮን በላይ ነበር። የአገሩ ሕዝብ ያኔ ከ90 ሚሊዮን ጥቂት ቢበልጥ ነው። ሕፃን ሽማግሌ ሳይቀር እያንዳንዱ ሰው በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ሲኒማ ገባ ማለት ነው። ከዚያ ቴሌቪዥን መጣ። በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሲደርስ ሳጥኗ በየቤቱ ገብታ ነበር፤ በ1972 የትኬቱ ቁጥር ወደ 187 ሚሊዮን አሽቆለቆለ። እናቶችና ልጆች ቤታቸው ቁጭ ብለው በነፃ ማየት ጀመሩ። ማታ ማታ ወጥቶ ሲኒማ ቤት የሚገባው በአብዛኛው ወጣት ወንድ ሆነ፤ ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ከገጠር ለሥራ መጥቶ በአንዲት ጠባብ ክፍል የሚኖረው። የፊልም ኩባንያዎቹም ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ይህ ሰው ቤቱ ካለው ሳጥን የማያገኘው ምን አለ? ገላና ደም።

ትንንሾቹ ኩባንያዎች ቀድመው ነቅተዋል። በ1962 ሳቶሩ ኮባያሺ የሠራው «የሥጋ ገበያ» የሚባል ፊልም፣ በኋላ «ፒንክ ፊልም» ለተባሉት ርካሽ ሥራዎች የመጀመሪያው ተደርጎ ይቆጠራል። ስሙ ራሱ ምንም አልደበቀም። ትልልቆቹ አሥር ዓመት ያህል ከተግደረደሩ በኋላ ተከተሉ። ከ1912 ጀምሮ የነበረው ኒካትሱ በኅዳር 1971 ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደዚህ አዞረና «ሮማን ፖርኖ» ያለውን ተከታታይ ጀመረ፤ እስከ 1988 ድረስም ቀጠለበት። (ሮማን በፈረንሳይኛ ልብ ወለድ ማለት ነው፤ እኔ እንጀራዬን የበላሁበት ሙያ እዚህም ድረስ ሄዶ ስም ማበደሩን ሳይ ስቄያለሁ።) ሕጉ ይህ ነበር፦ ፊልሙ ሰባ ደቂቃ ገደማ ይሁን፣ በየአሥር ደቂቃው ገደማ የአልጋ ትዕይንት ይኑረው፣ ከዚያ ውጭ ዳይሬክተሩ የፈለገውን ይሥራ። ብዙ ጎበዝ ወጣቶችም በዚያች ቀዳዳ ሾልከው ፖለቲካም፣ ግጥምም፣ የሰው ልብም ሠሩባት። ተፎካካሪው ቶኤይ ደግሞ የወሮበላ ፊልም ጌታ ነበርና በዚያው ላይ ሴት ጨመረበት። የሴት ወሮበሎች ቡድን፣ የሴቶች ማረሚያ ትምህርት ቤት፣ የሴቶች እስር ቤት። ኖሪፉሚ ሱዙኪን የመሰሉ ዳይሬክተሮች፣ ሬይኮ ኢኬንና ሚኪ ሱጊሞቶን የመሰሉ ወጣት ተዋናዮች በዚህ ስም አወጡ። «ፒንኪ ቫዮለንስ» ይሉታል።

በጥር 1972 ፖሊስ ኒካትሱ ላይ ዘመተ። ክሱ ብልግናን ማሠራጨት ነበር፤ ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ1980 በይግባኝም ተከሳሾቹ ነፃ ወጡ። የኪነ ጥበብ ነፃነት አሸነፈ ተባለ፤ እኔም አሸንፏል እላለሁ። ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ጭቅጭቁ የሕዝቡ ሥነ ምግባር ተጎድቷል ወይስ አልተጎዳም፣ የትኛው የሰውነት ክፍል ይሸፈን፣ የትኛው ይታይ የሚል ነበር። ከሳሽም ተከሳሽም ስለ ተመልካቹ ይሟገታሉ። በፊልሙ ውስጥ ያለችው ሴት ለዓቃቤ ሕጉ ብልግና ናት፣ ለጠበቃው ነፃነት። እሷ ራሷ ምን ሆነች ብሎ መጠየቅ የማንም ጉዳይ አልነበረም።

አሁን ወደ እኔዋ ሴት ልመለስ።

ፊልሙ «ሴት እስረኛ ቁጥር 701፦ ጊንጥ» ይባላል። ቶሩ ሺኖሃራ ከጻፈውና ከሣለው የሥዕል ታሪክ ነው የተቀዳው። ለዳይሬክተሩ ለሹንያ ኢቶ የመጀመሪያ ሥራው ነው። ናሚ ማትሱሺማ የምትባል ሴት የፖሊስ መርማሪ ታፈቅራለች። ሰውየው የዕፅ ነጋዴዎችን ለመያዝ ማጥመጃ ያደርጋታል። ነጋዴዎቹ ይደርሱባትና በቡድን ይደፍሯታል፤ እሱ ደግሞ ያንን አጋጣሚ ለራሱ ጥቅም ይነግድበታል። ቢላዋ ይዛ በፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ደጃፍ ልትወጋው ትሞክራለች፤ አልሆነላትም፣ ትታሰራለች። ከዚያ በኋላ ያለው እስር ቤቱ፣ ስቃዩ፣ ማምለጡና መልቀሙ ነው።

ኢቶ ተራ ሰው አልነበረም። ፊልሙ የሚከፈተው የእስር ቤቱ አለቃ ሽልማት ሲቀበል ነው። ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሏል፣ ብሔራዊ መዝሙሩ ይዘመራል፤ ድንገት የማምለጥ ደወል ይጮኻል። ትንሽ ቆይቶ ሴቲቱ በክህደት የተነጠቀችው ድንግልና በነጭ አንሶላ ላይ ክብ ቀይ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ የጃፓን ሰንደቅ ዓላማ። የመደፈሯ ትዕይንት ደግሞ በመስተዋት ወለል ላይ ነው የተቀረጸው፤ ካሜራው ከሥር ሆኖ ወደ ላይ ያያል። ይህን ሳይ የሥነ ጽሑፍ መምህርነቴ ተነሳብኝና ተደሰትሁ። «አያችሁ! አገሪቱን ነው የሚከሰው። መንግሥት በሴት ገላ ላይ የቆመ መሆኑን ነው የሚነግረን» አልኳቸው ተማሪዎቼን።

ውሸት አልነበረም። ግን ሙሉም አልነበረም። ዳይሬክተሩ ስለ አገሩ የሚጽፈው ነገር ነበረው፤ ብራናው ግን የሴት ቆዳ ነው። ከመስተዋቱ ሥር ያጋደመንም እሱ ነው። እዚያ ተጋድመን ወደ ላይ ስንመለከት ስለ ሰንደቅ ዓላማ የምናስብ ስንቶቻችን ነን? በ1972 ከሥራ ወጥቶ ትኬት የቆረጠው ሰው ገንዘቡን የከፈለው ለምልክቱ ነው ወይስ ምልክቱ ለተጻፈበት ገላ? ጥበቡ ለሱ ይሉኝታ መሸፈኛ ሆነለት፣ ለእኔ ደግሞ ማስተማሪያ። ሁለታችንም ግን ያየነው አንድ ነገር ነው።

እነዚህን ፊልሞች የሚወዱ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሱት መከላከያ አለ፤ እኔም አንስቼዋለሁ። ሴቲቱ ጠንካራ ናት፣ በመጨረሻ ታሸንፋለች፣ ወንዶቹ ዋጋቸውን ያገኛሉ። እንግዲህ ይህን መከላከያ ከዚያው ኩባንያ ሌላ ፊልም ጋር እናስተያየው። ቶኤይ በ1965 «የአባሺሪ እስር ቤት» የሚል ፊልም ሠርቶ ነበር፤ ኬን ታካኩራ ነው ዋናው። እሱም እስረኛ ነው፣ እሱም ያመልጣል፤ ከሌላ እስረኛ ጋር በካቴና እንደተቆራኘ በበረዶ ላይ ይሮጣል። ምክንያቱ የታመመች እናቱ ናት። ይህ ሰው ጀግና ለመሆን፣ ለመቆጣት፣ እኛም ከሱ ጋር እንድንቆጣ፣ መደፈር አላስፈለገውም። ቁጣው ከሱ ጋር የተወለደ ነው፤ ወንድ ነዋ! ሴቲቱ ግን ቁጣዋ እንዲፈቀድላት የምስክር ወረቀት ማቅረብ አለባት። ወረቀቱም ገላዋ ላይ ነው የሚጻፈው፣ የሚነበበውም በሙሉ አዳራሽ ፊት ነው። ማኅተሙ ሳያርፍ ቢላዋ ብታነሳ ነፍሰ ገዳይ፣ ዕብድ፣ ጋለሞታ ትባል ነበር።

እዚህ ላይ ግን በራሴ ላይ መመስከር ያለብኝ ነገር አለ። ከጊንጧ በፊት ቶኤይ ሌላ ዝነኛ ሴት ነበረችው፤ ጁንኮ ፉጂ የተጫወተቻት «ቀይ ፒዮኒ ቁማርተኛዋ»። ከ1968 እስከ 1972 ስምንት ፊልም ወጥቶላታል። ይህቺ ጨዋ ናት። ኪሞኖዋን አስተካክላ፣ ጠጉሯን ሰብስባ፣ ሰይፍ ይዛ ትዋጋለች፤ ካሜራውም እንደ እመቤት ያከብራታል። የምትዋጋውም መጀመሪያ ላይ ለተገደለ አባቷ ነው። እስቲ አሁን ሁለቱን አስተያዩአቸው። አንዷ ክብሯ ተጠብቆላት የአባቷን ዕዳ ትከፍላለች፤ ሌላዋ ተገፋ፣ ተዋርዳ፣ ተራቁታ ዕዳው ግን የራሷ ነው። ጊንጧን «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ እህት» ብሎ የሚጠራት የለም። የቤተሰብ ስም ተነካ ብሎ የሚጮህላት ወንድም የለም። የተበደለችው እሷ ናት፣ ቂሙም የሷ ነው፤ በቃ። የትኛዋ የተሻለ ነፃነት አላት ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሱ ይከብደኛል። የምሽቱ ስሜቴ እንደሆነ ይለዋወጣል። ጁንኮ ፉጂ በ1972 አግብታ ከትወና ስትሰናበት፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ኩባንያ ጊንጧ መወለዷ ግን በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይመስለኝም። እመቤቲቱ ወጣች፣ እስረኛዋ ገባች።

ደግሞ ሜይኮ ካጂ አለች።

ካጂ የኒካትሱ ልጅ ነበረች። ኩባንያው ወደ ሮማን ፖርኖ ሲዞር «እኔ የለሁበትም» ብላ ወጣች። ቶኤይ የጊንጧን ድርሻ ሲሰጣት ዕድሜዋ ሃያ አምስት ነው። በሥዕል ታሪኩ ውስጥ ማትሱሺማ አፏ የማይያዝ፣ ስድብ የምታዘንብ ሴት ናት። ካጂ ይህን አልናገርም አለች። ሐሳብ ያቀረበችው ራሷ ናት፦ ሴትዮዋ ዝም ትበል። ኢቶ ተስማማ። እንዲህ ሆኖ ነው ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ቃል ልታወጣ የማትፈልግበት ፊልም የተወለደው።

እኔ በሕይወቴ ብዙ ድራማ አንብቤያለሁ፣ ብዙም አስተምሬያለሁ። ተዋናይ ቃለ ተውኔት ይጨመርልኝ ብሎ ሲጣላ እንጂ ይቀነስልኝ ብሎ ሲሟገት ብዙም አልሰማሁም። የካጂ ዝምታ ምን እንዳደረገ ለማየት ፊልሙን ማየት ያስፈልጋል። ይገርፏታል፣ ታያለች። ያስሯታል፣ ታያለች። ጉድጓድ ቆፍሪ፣ መልሰሽ ድፈኚ ይሏታል፤ ታያለች። ደራሲዎቹ ያዘጋጁላት የስቃይ ጩኸት፣ የልመና ቃል፣ የፍቅር እሮሮ፣ ያ ሁሉ ተመልካቹ ለመስማት የከፈለበት ነገር ሳይደርሰው ይቀራል። እሱ ሊያያት መጣ፤ እሷ መልሳ አየችው። ገላዋን ሸጠውታል፤ ያንን ማስቀረት አልቻለችም፣ በመጀመሪያው ፊልም ላይ ተራቁታለች። ዓይኗ ግን በውሉ ውስጥ አልነበረም።

ሆኖም ዝምታውንም ቢሆን ዝም ብዬ ላሞግሰው አልደፍርም። ዝምታ ወርቅ ነው ስንል ብዙ ጊዜ ወርቁ የሚገባው ወደ እኛ ወደ ሰሚዎቹ ኪስ ነው። በዚያው ሰሞን ቶኪዮ ውስጥ ዝም ያላሉ ሴቶች ነበሩ። በ1970 ሚትሱ ታናካ የምትባል ወጣት አንዲት በራሪ ጽሑፍ አወጣች፤ ርዕሱ «ከመጸዳጃ ቤት ነፃ መውጣት» የሚል ነው። አንባቢዬን ካስቀየምሁ ይቅርታ፤ እሷ ግን ለማስቀየም ነው የጻፈችው። ወንዶች ሴትን ለሁለት ሰንጥቀዋታል ትላለች፤ በአንድ በኩል ገርዋ እናት፣ በሌላ በኩል ፍትወት ማራገፊያ ዕቃ። እነዚህ ሁለቱ ግን አንዲት ሴት ናቸው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ እሷና ጓደኞቿ በቶኪዮ ጎዳና ሰልፍ ወጡ። ታናካ በ2024 አረፈች። ሁለት ዓመት ቆይቶ ጥቁር ባርኔጣ አድርጋ ወንዶችን በምትወጋው ሴት አዳራሽ ሙሉ ወንድ ሲያጨበጭብ፣ ሰልፍ በወጡት ሴቶች ላይ ደግሞ ጋዜጦቹ ይሳለቁ ነበር። ለምን? እንደሚመስለኝ ጊንጧ ምንም አትጠይቅም። የቤት ሥራ አንካፈል አትልም፣ ደመወዝ እኩል ይሁን አትልም፣ ሕግ ይቀየር አትልም። የምትፈልገው እነዚያን ክፉ ወንዶች ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ከነሱ አንዱ አይደለሁም። ስለዚህ አጨበጭባለሁ።

ሕጉ ያልሁት ዝም ብዬ አይደለም። በ1972 በጃፓን አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ በ1907 የወጣው ነው። ተበዳይዋ ራሷ አቤት ካላለች ክስ አይመሠረትም። ይህ የተሻረው በ2017 ነው፤ መቶ አሥር ዓመት። ያለ ፈቃድ የተፈጸመ ግንኙነትን መሠረት ያደረገው ትርጉም የመጣውም፣ ከ13 ዓመት ያልተነቃነቀው የፈቃድ ዕድሜ ወደ 16 ከፍ ያለውም በ2023 ነው። አርስቶትል ተመልካች ፈርቶና አዝኖ ከአዳራሹ ታጥቦ ይወጣል ብሎ ነበር፤ ለስንት ትውልድ ተማሪ ይህን ያስተማርሁ ሰው፣ መታጠቡ ለማን ይጠቅማል ብዬ ሳልጠይቅ ኖሬያለሁ። ጊንጧ በሰዓት ተኩል ውስጥ ዕዳውን ሁሉ ሰብስባ ትጨርስልናለች። ንጹህ ሆነን ወደ ቤታችን እንገባለን። አንቀጹ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ ተቀምጧል።

ኢቶ ይህን ሳይጠረጥር የቀረ አይመስለኝም። በዚያው ዓመት በሠራው ሁለተኛው ክፍል አንድ የአገር ጎብኚዎች አውቶቡስ ያመጣል። ውስጡ ያሉት ወሮበሎች አይደሉም፤ ሽርሽር የወጡ፣ መጠጥ የቀመሱ፣ የሚሳሳቁ ተራ ወንዶች ናቸው። በጦርነቱ ዘመን በቻይና ሴቶች ላይ ያደረገውን እንደ ጀብዱ የሚያወራም አለባቸው። እነዚህ ናቸው ካመለጡት እስረኞች አንዷን ይዘው ደፍረው የሚገድሏት። ፏፏቴው በደም ይቀላል። በእኔ ግምት አውቶቡሱ ሲኒማ ቤቱ ነው፤ ወንበሮቹም በረድፍ ናቸው። ግን ያንንም ለማሳየት አንዲት ሴት ተዋናይ እንደገና መራቆት ነበረባት። ከዚህ አዙሪት እንዴት ይወጣል?

ከማንም በላይ ወደ ጥያቄው የተጠጋው፣ የሚገርመው፣ ከዚያው ከሮማን ፖርኖ የወጣ ፊልም ነው። ቹሴይ ሶኔ በ1979 የሠራው «ቀይ የመማሪያ ክፍል»፤ ታሪኩ የታካሺ ኢሺ ነው። የወሲብ መጽሔት አዘጋጅ የሆነ ሰው በድብቅ በሚታይ ፊልም ላይ አንዲት መምህርት ስትደፈር ያያል። ምስሏ ከልቡ አልወጣ ይለዋል። እንዴት ያለች ተዋናይ ናት! ብሎ ይፈልጋታል፤ ያገኛታልም። ትወና አልነበረም። የእውነት ነበር። እሱ ያፈቀረው እውነተኛ ጩኸቷን ነው፤ የተሰወረ ሰው ሁሉ አሁንም ያንን ፊልም እያየ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ሊያድናት ይፈልጋል፤ ፊልሙ ግን መዳኛ አይሰጠውም። ይህን ሳይ ተነስቼ መስኮት ከፍቻለሁ። ሲኒማ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይህን የሚያየው ሰው እኮ በትክክል ያንኑ ነው የሚያደርገው።

ሴት ካሜራ ብትይዝስ? ይህ የዋህ ጥያቄ ነው፤ ግን መልስ ያላት አንዲት ሴት አለች። ሳቺ ሃማኖ በወጣትነቷ ዳይሬክተር መሆን ፈለገች። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ለረዳት ዳይሬክተርነት የሚቀጥሩት ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ወንድ ነው። የተከፈተላት በር የፒንክ ፊልሞቹ ብቻ ነበር። ገባች። ከሦስት መቶ በላይ ፊልም ሠራች፤ የወሲብ ነገር ከሴቷ ወገን ሆኖ እንዲታይ ነው የምለፋው ትል ነበር። ከዚያ አንድ ቀን በሴቶች የፊልም ፌስቲቫል ዙሪያ፣ በጃፓን ብዙ ፊልም የሠራችው ሴት ዳይሬክተር ስድስት የሠራችው ታላቋ ተዋናይት ኪኑዮ ታናካ ናት ሲባል ሰማች። ሦስት መቶው አልተቆጠረም። እንዲህ ሲሆን ነው በ1998 ስለ ሚዶሪ ኦሳኪ፣ ጽፋ ጽፋ ስለ ተረሳች ደራሲ፣ ፊልም የሠራችው። በ2001 ደግሞ ስለ አሮጊቶች ፍቅርና ፍላጎት «የሊሊ በዓል»ን ሠራች። ሃማኖ ገበያውን አላፈረሰችም፤ ዕድሜዋን ሙሉ በሱ ኖራለች። እኔ በልቤ ከማስቀምጣቸው ንጹሃን መካከል ላደርጋት አልችልም፣ እሷም አትፈልግም። ነገር ግን «የዘውጉ ሕግ ነው» የሚለው የእኔ መልስ እሷ ፊት ቢነገር ኖሮ፣ ሕጉን ሦስት መቶ ጊዜ ፈጽማ በየጊዜው ምን እንደሸረፈችለት ትነግረኝ ነበር።

ያቺ ተማሪዬ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ምናልባት እሷም ታስተምር ይሆናል። ዛሬ ብትጠይቀኝ፣ ልብሷን ያስወለቃት ታሪኩ ሳይሆን ትኬቱ ነው እላት ነበር። ቀጥላ «ታዲያ እርስዎ ለምን ደግመው አዩት?» ብትለኝ ግን...

ባለፈው ሰሞን ይህን ለመጻፍ ብዬ ፊልሙን እንደገና ከፈትሁት። ሳሎን ነኝ፣ ማታ ነው። የመስተዋቱ ወለል ትዕይንት ላይ ስደርስ ልጄ ከክፍሏ ስትወጣ ሰማሁ፤ እጄ ሪሞቱ ላይ እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፣ አቆምሁት። ውኃ ጠጥታ ተመለሰች። ቆይቶ፣ ጥቁር ካፖርቷን ለብሳ ባርኔጣዋን ደፍታ መግደል ስትጀምር ልጄ ሻይ ይዛልኝ መጣች። ያን ጊዜ አላቆምሁትም። ደሙ ይፈናጠራል፣ እኔ ስኳሩን አማስላለሁ። ልጄ ቆማ ትንሽ አየችና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ይህቺ ሴትዮ ምን አድርገዋት ነው?»

በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ እግሯን ሰብስባ ተመቻቸችና እስከ ዘፈኑ ድረስ አብራኝ አየች።